አንዴ ብቻ የሚጋብዙ ጎረቤቶች

አንድ ወር ጀልባ ላይ ልኖር እንደምሄድ ለልጄ በስልክ ነገርኳት። “አባዬ፣ አንተ እኮ ገንዳ ውስጥ እንኳ ከጉልበትህ በላይ ገብተህ አታውቅም” አለችኝ። እውነቷን ነው። ዋና አልችልም። በዚህ ዕድሜዬ የምማረው አዲስ ነገር ቢኖር መስጠም ነው።

የጋበዘኝ ከምኖርባት ከኮሎምበስ አጠገብ፣ ግሮቭ ሲቲ በሚባል ከተማ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ለዓመታት አብሮኝ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የነዳ አሜሪካዊ ነው። ሪታየር ሲያደርግ አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዛና በረዶ የማያውቃት አንዲት ደሴት አጠገብ መልህቅ ጣለ። በ2022 ጃንዋሪ ኮል አደረገኝና “ና” አለኝ። አመስግኜ አልችልም አልኩት። በማግስቱ ደወለ፤ አልችልም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሲደውል ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር። ሰውየው ያውቀኛል። ምሳውን ሊያካፍለኝ ሲፈልግ ሦስት ጊዜ መጠየቅ እንዳለበት ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

በደረስኩ በአራተኛው ቀን እህቱ ወድቃ ዳሌዋን ተሰበረች። ወዳጄ ሊያስታምማት በረረ። “ጠዋትና ማታ ፓምፑን አብርተህ የገባውን ውሃ አስወጣ” አለኝ ሲሄድ። “ሌላ ሥራ የለህም። ጀልባዋ የትም አትሄድም፤ አንተም የትም አትሄድም።”

ከእኛ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቃ፣ ውሃ ላይ መራመድ ለሚችል ማለቴ ነው፣ ሰማያዊ ጀልባ ቆማለች። ባልና ሚስት፣ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ይኖሩባታል። ወዳጄ በሄደበት ቀን ከሰዓት በኋላ በጎማ ጀልባቸው መጡ።

“ዛሬ ዓሣ እንጠብሳለን” አለች ሴትየዋ። “መጥተህ ከእኛ ጋር ብላ።”

“አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ።”

“እሺ፣ መልካም ምሽት” ብለው ሄዱ።

የበላሁት አራት ብስኩት ነበር። ወደ ውስጥ ገባሁና ደህናውን ሸሚዜን ለበስኩ፤ የቀሩኝን ፀጉሮች በየስማቸው ጠርቼ አበጠርኩ፤ ከመንሳፈፊያ ላይፍ ጃኬቴ ጋር የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁለተኛውን ጥሪ መጠበቅ ጀመርኩ። የዓሣው ሽታ መጣ። እነሱ አልመጡም።

ባለቤቴ ብትኖር ይህ አይደርስብኝም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት “በልቻለሁ” ማለት የእኔ ሥራ፣ ከኋላዬ “አትስሙት፣ ምንም አልቀመሰም” ማለት ደግሞ የእሷ ሥራ ነበር። ክብሩን እኔ እወስዳለሁ፣ እሷ ታበላኛለች። ኮቪድ በገባበት ዓመት አረፈች።

ከዓሣው ምሽት በኋላ ያሉት ቀኖች ይመሳሰላሉ። እነሳለሁ፣ ፓምፑን አበራለሁ፣ ሸሚዝ አጥባለሁ፣ ወፎች ከሰማይ ተወርውረው ዓሣ ሲለቅሙ አያለሁ። ባሕሩ እንዲህ ያማረ ሆኖ ለማን እንደምነግረው አጣሁ። ለፓምፑ መናገር ጀመርኩ፤ እሱ ቢያንስ ሲያበሩት ይመልሳል። ልጄ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ሉዊስ ሴንተር በሚባል ቦታ፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ በረዶ የዋጠውን መኪናዋን ፎቶ አንስታ “ታድለህ” ብላ ትልክልኛለች። ባልና ሚስቱ በሩቁ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እኔም አወዛውዛለሁ። ሲመሽ ሳቃቸው በውሃው ላይ ተንሸራትቶ ይደርሰኛል።

ኮሎምበስም ያደረግሁት ይህንኑ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ተቀምጬ ነው። ከባለቤቴ ቀብር በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደውለው ነበር። “ደህና ነኝ፣ አትቸገሩ” አልኳቸው። ከኋላዬ “አትስሙት” የሚል ስለሌለ ሰሙኝ። ስልኩ ቀስ በቀስ ዝም አለ።

በአራተኛው ሳምንት አጋማሽ ላይ ሴትየዋ በአጠገቤ ስታልፍ “ነገ ጠዋት እንሄዳለን” አለችኝ። ከእነሱ ጋር የቀረኝ አንድ ምሽት ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በሻንጣዬ ባመጣሁት በርበሬ ምስር ወጥ ሠራሁ፤ ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ከጎን ወደታሰረችው የወዳጄ ጎማ ጀልባ በአራት እግሬ ወረድኩ። መቅዘፊያ ይዤ አላውቅም። ሁለት ጊዜ በራሴ ዙሪያ ዞርኩ። በየጀልባው ያለ ሰው ቆሞ ያየኝ ጀመር። ላብ በላብ ሆኜ ስደርስ ሰውየው ገመዴን ያዘልኝ።

“እራት በልተሃል?” አለኝ።

የለመድኩት መልስ ጥርሴ ጋ ደርሶ ነበር። በልማድ ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። ማንም የለም፤ ባዶዋ የወዳጄ ጀልባ ብቻ ከወዲያ ትወዛወዛለች።

“አልበላሁም” አልኩ። “የዛሬ ሦስት ሳምንት ስትጠሩኝም አልበላሁም ነበር።”

ሴትየዋ ድስቱን ተቀብላ ቆመች። “ጓደኛህ ሚስቱ ሞታበታለች ብሎን ነበር” አለች። “እምቢ ስትለን ብቻህን መሆን የፈለግህ መሰለን። ሌሎቹንም ጀልባዎች እንዳይረብሹህ የነገርናቸው እኛ ነን።”

ያን ምሽት ዓሣ በላሁ፤ ሁለቴም ተጨመረልኝ። እነሱ በእኔ በርበሬ አለቀሱ። እኔም ትንሽ አልቅሻለሁ፤ በበርበሬው አሳበብኩ። ስመለስ እንደገና ስዞር እንዳላድር ብለው በገመድ ጎትተው አደረሱኝ። ጠዋት ስነሳ ሰማያዊዋ ጀልባ የነበረችበት ቦታ ውሃ ብቻ ነበር። ፓምፑን አበራሁ።

ወሩ አልቆ ወዳጄ ሲመለስ ወደ ቤት በረርኩ፤ ኮሎምበስ አየር ማረፊያ ልጄ ተቀበለችኝ። ሻንጣዬን ጫነችና መንዳት ስትጀምር፣ “አባዬ፣ ደክሞህ ይሆናል፤ ቤትህ ላድርስህ? ወይስ እኛ ጋ እራት...”

“እናንተ ጋ” አልኩ፣ ሳትጨርስ።

መብራት ላይ ስንቆም ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት ግንባሬን ነካች።