እታገኝ የተረተረችው ኮት

ኅዳር ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የሰቆጣ መናኸሪያ ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል። ወደ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ይንተከተካል። ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ካንዱ እግር ወደ ሌላው እየቀያየረ ይቆማል። በመካከላቸው አንዲት ሴት በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው አምባሻ የተደረደረበት ሰፌድ ይዛ ትዞራለች። ግራጫ ካፖርት ለብሳለች። ካፖርቱ ከብርድ ልብስ የተሰፋ ነው። የብርድ ልብሱን ሰማያዊ መስመር ከታች ዙሪያውን እንዲውል አድርጋ ስለቆረጠችው ለጌጥ የተጠለፈ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሻዬን ይዤ መጠጣቱን ረሳሁት። ትናንት አልጋ ላይ ተዘርግቶ የነበረ ነገር ዛሬ ትከሻ አውጥቶ፣ ኮሌታ አቁሞ፣ ሰው መስሎ ሲሄድ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ይህች ሴት ጎረቤታችን እታገኝ ናት። ግቢያችንን ከግቢዋ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ስለሆነ፣ ያላየሁትን እናቴ አይታ፣ እናቴ ያላየችውን የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ገብረ አማኑኤል ነግረውኝ፣ የዚህን ካፖርት ነገር ከሥሩ አውቀዋለሁ።

እታገኝ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የተወለደችው እዚሁ ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ነው። ስትሸጥ በአማርኛ፣ ስትናደድ በአገሯ አገውኛ፣ በኽምጣኛ ነው የምትናገረው። ከካቡ ወዲያ ኽምጣኛ ከተሰማ የስፌት መኪናዋ መርፌ ተሰብሯል ማለት ነው። መኪናዋ በእጅ የምትዞር ናት፤ ከአክስቷ ነው የወረሰቻት። መስፋት ያስተማራት ሰው የለም። በገበያው በረንዳ ላይ የሚሰፉት ሁሉም ወንዶች ናቸው። ቆም ብላ እጃቸውን ስታይ «ምን ልስፋልሽ?» ይሏታል፤ «እንዴት ነው የምትሰፋው?» ብላ ለመጠየቅ አፍራ ትሄዳለች።

ስለዚህ በራሷ ገላ ተማረች። የመጀመሪያ ቀሚሷ አንገቱ ጠቦ ጭንቅላቷን አላስገባ አለ። ቆርጣ ስታሰፋው ደግሞ በትከሻዋ ሾልኮ እግሯ ሥር ወደቀ። ለትንሿ ልጇ የሰፋችው ሱሪ ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ ተሰፍተው፣ ልጅቷ ግቢውን እየዘለለች ዞረችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። እታገኝም ሳቀች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሱሪውን ተረተረችው፤ የት እንደተሳሳተች እስኪገባት ድረስ ጨርቁን ወዲያና ወዲህ አገላበጠችው። በሚቀጥለው ዓመት መድኃኔ ዓለም የለበሰችውን አረንጓዴ ቀሚስ ግን ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲወጡ በጣታቸው እየነኩ «የት ነው ያሰፋሽው?» አሏት። «ቤት» አለች። የማን ቤት እንደሆነ አልተናገረችም።

ካፖርት የፈለገችው በሥራዋ ምክንያት ነው። ነጠላ አንድ እጅ ይፈልጋል፤ ካልያዙት ይወርዳል። የእሷ ሁለት እጆች ደግሞ ሻይና አምባሻ ይዘዋል። ክረምቱ እንደወጣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ መረጠች። ካፖርት ግን እንደ ቀሚስ ከውጭ አይተው የሚሰፉት ነገር አይደለም። ትከሻው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ኮሌታው በምን እንደሚቆም፣ ገበሩ ከጨርቁ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ አይታይም። በቤቱ ውስጥ ያለው ኮት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ የባሏ የዘበነ፣ ከውጭ አገር የመጣ የክት ኮት።

ዘበነ ግንበኛ ነው። አምደወርቅ ላይ የሱቅ ግንባታ ይዞ «እስከ ወሩ መጨረሻ አልመጣም» ብሏት ሄዷል። እታገኝ ኮቱን ከሳጥን አወጣች፤ አራገፈችው፤ አልጋ ላይ አስተኛችው። ከዚያ ምላጭ አነሳች።

ያን ዕለት ካቡ ላይ ተደግፌ አይቻታለሁ። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ክሩን በምላጩ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች፤ ስፌቱ ደግሞ እንደ ከንፈር ይከፈታል። ከውስጡ ለዓመታት ፀሐይ ያላየ ጨርቅ ይወጣል፤ ውጭው ደብዝዞ ውስጡ ገና ሰማያዊ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ዘበነ ከሥራ ባመጣው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እያሳረፈች ዙሪያውን በከሰል ትስላለች። ቀኝና ግራ እንዳይምታታባት በቀኟ በኩል በዋለው ላይ ቀይ ክር ታስራለች። እጅጌዎቹን የፈታቻቸው ኮቱ በጀርባው ተኝቶ ነበር። ከዚያ አካሉን ለመተርተር በደረቱ ገለበጠችው። በቀኟ በኩል የዋለው ብብት ላይ ቀይ ክር አሰረች፤ ቀጠለች።

እናቴ ጥሩሐረግ ጨው ልትበደር ገብታ አልጋውን አየችና እጇን በአፏ ጫነች።

«ኧረ አንቺ! የሰውየውን ኮት ቅርጫ አደረግሽው?»

«ድርሻሽን መርጠሽ ውሰጂ» አለች እታገኝ ቀና ሳትል።

«እሱ ሲመጣስ?»

«እስኪመጣ መልሼ እገጥመዋለሁ።»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዘበነ በአሸዋ መኪና ተጭኖ ከተፍ አለ። ሟች ወንድሙ አንዷለም የሚባል ልጅ ትቶበታል፤ እንደ ራሱ ልጅ ያሳደገው እሱ ነው። አንዷለም ዝናሽ የምትባል ልጅ ወዷል። የልጅቷ አባት አቶ ቅጣው ደግሞ የመጣውን ሽማግሌ ከጫማው ጀምረው ወደ ላይ የሚመዝኑ፣ ስንቱን ከደጅ የመለሱ ሰው ናቸው።

«ነገ ለአንዷለም ሽማግሌ ነኝ» አለ ዘበነ ገና አቧራውን ሳያራግፍ። «ጋሽ ገብረ አማኑኤል ናቸው ያስጠሩኝ። በይ ኮቴን አውጪና ነፋስ ይንካው።»

እታገኝ ወደ አልጋው ሄዳ አንሶላውን ገለጠችው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ኮትህ ነዋ።»

«የታለ?»

«ይኸው ጀርባው፤ ይኸው ኮሌታው፤ ገበሩ ደግሞ እዚያ…»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ኮት ነው የጠየቅኩሽ፤ ዘመዶቹን ታስተዋውቂኛለሽ እንዴ?»

ድምፁን ሰምታ የመጣችው እናቴ «ጋቢ ደርበህ ሂድ፤ ምን አለበት?» አለችው።

«በጋቢ የሄዱትን ባለፈው ከደጅ ነው የመለሷቸው» አለ። መዋስም አይሆንለትም። ዘበነ ቁመቱ በር የሚሞላ ሰው ነው፤ የማንም ኮት እጅጌ ክርኑ ላይ ነው የሚቀርበት። ቁራጮቹን ቆሞ አያቸው፤ ከዚያ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረ።

«እስከ ነገ ከተገጠመ ተገጠመ። ካልሆነ፣ ያ የአሸዋ መኪና ሰኞ ሲመለስ ይቺን ጭኜ ለእህትሽ እሰድዳታለሁ። ቤት ውስጥ ምላጭ ይዞ የሚዞር ሰው አልፈልግም።»

እታገኝ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በረንዳ ላይ ከሚሰፉት አንዱ ወደ ሆነው ወደ ዓሊዬ ነው የሄደችው። ስንት ጊዜ ቆማ አይታው ሳትጠይቀው የተመለሰችውን ሰው፣ ያን ቀን ጠየቀችው።

«የተተረተረ ኮት ሲገጠም ከየቱ ነው የሚጀመረው?»

«አምጪው፤ ለማክሰኞ አደርስልሻለሁ» አለ ዓሊዬ።

«ለነገ ነው።»

«እንግዲያው ገጣሚዋ አንቺው ነሻ!» ብሎ ሳቀ፤ ግን እግሩን ከፔዳሉ አነሳላት። «ከትከሻው ጀምሪ። እጅጌ መጨረሻ ነው። አሮጌውን የመርፌ ቀዳዳ ተከተይ፤ እሱ አይዋሽም።»

ቀኑን ሙሉ ከካቡ ወዲያ የመኪናዋ ድምፅ አላቋረጠም። ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አንስታ አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች ትፈልጋለች፤ ማንነቱን የማናውቀው፣ ምናልባትም በሕይወት የሌለ፣ የሌላ አገር ልብስ ሰፊ መርፌው የሄደበትን መንገድ እሷ ዛሬ ሰቆጣ ላይ ደግማ ትሄድበታለች። ትከሻው ቆመ። ኮሌታው ተመለሰ። ኽምጣኛ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰማ። ቀዩን እጅጌ ከቀዩ ብብት፣ ሌላውን ከሌላው ገጥማ፣ ገበሩን በእጇ ሰፍታ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ ስትጨርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ኮቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የተተረተረ ኮት አይመስልም። ዘበነ ዙሪያውን አየውና «እህ» አለ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለበሰው። ትከሻው ልክ ነው፤ ጀርባው አንድም አልተሸበሸበም። እሱ ግን ግቢው መሀል እንደቆመ ቀረ።

«እታገኝ።»

«አቤት።»

«እጄን ማን ነው የያዘው?»

ቀረበችው። እጁን ወደ ፊት ሊዘረጋ ይሞክራል፤ እጅጌው ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በእጅጌው ጫፍ ያሉት ትንንሽ ቁልፎች በትንሿ ጣት በኩል መሆን ሲገባቸው አውራ ጣቱ ጋ መጥተው ቁጭ ብለዋል። ያን ጊዜ ገባት። እጅጌዎቹን ኮቱ በጀርባው፣ ብብቶቹን ደግሞ በደረቱ ተኝቶ ነው ምልክት ያሰረችባቸው። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኗል። አንዱን ብቻ ማረምም አይቻልም፤ የአንዱ ቦታ በሌላው ተይዟል።

ከበር ውጭ ጋሽ ገብረ አማኑኤል በዱላቸው ድንጋዩን አንኳኩ። «ዘበነ! ፀሐይዋ ሄደችብን እኮ!»

«መጣሁ ጋሼ!» አለ። እጆቹን ኮቱ ወደ ወሰዳቸው፣ ወደ ኋላው፣ አድርጎ ወጣ። እታገኝ በሩ ላይ ቆማ ጀርባውን እስኪሰወር አየችው። ከዚያ ገባች።

አቶ ቅጣው ቤት የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ገብረ አማኑኤል ናቸው። እንደ ወጉ «ተቀመጡ» ተባሉ፤ እንደ ወጉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ጋሽ ገብረ አማኑኤል ስለ አንዷለም ተናገሩ፤ ጨዋነቱን፣ ታታሪነቱን። አቶ ቅጣው ጣራ ጣራውን እያዩ ሰሙ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስንቱ ሽማግሌ ነግሯቸዋል። ዘበነ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ እንደ ምሰሶ ቆሟል። የአቶ ቅጣው ባለቤት ግን ዓይናቸው ስል ነው።

«የኮትህ ቁልፍ ምነው ወደ ፊት ዞረ?» አሉት። «አዲስ ፋሽን ነው?»

ጋሽ ገብረ አማኑኤል «ላብ አጠመቀኝ» አሉኝ። ዘበነ አንድ ልብስ ሰፊ ላይ ቢያላክከው ማንም አያውቅበትም ነበር።

«ባለቤቴ ናት የሰፋችው» አለ። «ኮት እንዴት እንደሚሰፋ ልታውቅ ፈልጋ ተረተረችው። ነገ ሽማግሌ ነኝ ስላት በአንድ ቀን ገጠመችው። እጅጌው ተዟዟረባት። እጄን ወደ ፊት ማምጣት አልችልም።»

«ጥሩ አድርጋ ገደለችሃ!» አሉ ሴትየዋ።

«እጅጌውን ይተዉት፤ ትከሻውን ይዩት» አለና በቆመበት ዞሮ ጀርባውን ሰጣቸው።

አቶ ቅጣው ተነሱ። ስፌቱን ከአንገቱ እስከ ክንዱ በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ሽማግሌ ሲያሳምር እንጂ ጉድለቱን ሲናገር አይቼ አላውቅም» አሉ። «ልጅቷን ላናግራት። ሳምንት እሑድ ተመለሱ።»

ዘበነ ቤቱ ሲደርስ እታገኝ መኪናዋን ጠርጋ፣ ዘይት ቀብታ፣ በእንጨት ሳጥኗ ውስጥ ከትታ፣ በሩ አጠገብ አስቀምጣታለች። ሳጥኑን በገመድ አስራዋለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ነገ የአሸዋ መኪናው ይሄዳል ብለህ የለ።» ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ቀልተዋል። «ሳቁብህ?»

«ሳቁ።»

«ምን አልካቸው?»

«ባለቤቴ ናት የሰፋችው አልኩ።»

እታገኝ አንገቷን ደፋች።

«ሳምንት እሑድ ተመለሱ ብለውናል» አለ ዘበነ።

«እና?»

«እናማ እንዲህ እንደ እስረኛ ሆኜ ልመለስ? ፍቺው ገመዱን።» ኮቱን ሊያወልቅ ትከሻውን ነቀነቀ። «እንደገና ተርትሪው።»

«አታውልቀው!» ብላ ብድግ አለች። «አልጋ ላይ ሆኖ ነው ያታለለኝ። አሁን እላይህ ላይ ነው ምልክት የማደርግበት። ቁም።»

ወደ ግቢው አወጣችው። የትንሿን ልጅ ጠመኔ ወስዳ ድንጋይ ላይ ወጣች፤ ያለዚያ ትከሻው ላይ አትደርስም። ብብቱ ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ ክርኑ ላይ ነጭ ምልክት እያደረገች ዞረችው። ከካቡ በላይ የእናቴና የእኔ ሁለት ራሶች ብቅ ብለዋል፤ ዘበነ አይቶናል፤ ግን አልተነቃነቀም። ያ በር የሚሞላ ሰው፣ ትናንት መኪናዋን እሰድዳለሁ ያለው ሰው፣ ፀሐይ ላይ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ «ዙር» ስትለው ይዞራል።

«ቀኝህን አንሳ» አለችው።

«አይነሳማ! እሱ አይደል እንዴ ችግሩ!»

እታገኝ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እሱም እጆቹ ወደ ኋላ እንደሆኑ ሳቀ። ከዚያ «በይ ቶሎ በይ፤ ክንዴ ዛለ» አላት።