በሕማማት ወራት ያመለጠ ሃሌሉያ

ሰው ሁሉ የእናት አባቷን ስም ትቶ «ደወል» ነው የሚላት። የሉተራኑ ማኅበረ ምእመናን ደወል ከተሰነጠቀ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ የመጀመሪያውን መዝሙር የምታነሣው እሷ ናት። ድምፅዋ ሲሰማ ደጅ ቆሞ ወሬ የሚሰልቀው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ይገባል። በሥራ ቀን ላውንድሪ ቤት ካውያ ይዛ የሰው አንሶላ ትተኩሳለች፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሲያላበውም ማንጎራጎሯን አትተውም። ልጆቿን ድራ ጨርሳለች። ቤቱ የኪራይ፣ ካውያው የአሠሪዋ ነው። ከመዘምራኑ ፊት የምትቆምባት ያቺ ቦታ ግን የራሷ ናት፤ ሌላ ሰው ቆሞባት አያውቅም።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ባሏ የሞተባት ወጣት ናት፤ በላውንድሪው የተቀደደ ልትጠግን፣ የረገፈ ቁልፍ ልትተክል ተቀጠረች። የስፌት መኪናዋን ከደወል ጠረጴዛ ፊት ለፊት አስቀመጡላት። አንድ ቀን ደወል ስታንጎራጉር ከመኪናው ጀርባ ሌላ ድምፅ ተቀበላት፤ ቀጭን፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ። አጣቢዎቹ እጃቸውን ከሳሙናው አውጥተው አዳመጡ። ያን ዕለት ደወል የሰው ነጭ ሸሚዝ አሳረረች።

ሰፊዋ በማግስቱ እሑድ አምልኮ መጣች፤ ብዙም ሳይቆይ መዘምራን ገባች። የሕማማት ወራት ሲቃረብ ቄሱ ደወልን ጠሯት።

«የትንሣኤን ሃሌሉያ ዘንድሮ ማን ያንሣው እያልኩ ነው» አሏት።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን በሕማማት ወራት፣ ከትንሣኤ በፊት ባሉት የጾም ሳምንታት ሁሉ፣ ሃሌሉያ አይዘመርም። ከወንጌል ንባብ በኋላ ዘወትር በሚዘመርበት ቦታ ዝም ይባላል፤ በትንሣኤ ማለዳ አንድ ሰው ብቻውን ያነሣውና ሕዝቡ ይቀበላል።

«ከእኔ ሌላ ማን ሊያነሣው ነው?» አለች ደወል።

«እዚህ ቤት አማኝ ሁሉ አገልጋይ ነው፤ ስጦታውም የሁሉ ነው። ወንበር አንወርስም። ለማንኛውም ልጅቷን ሥርዓቱን አስተምሪያት።»

ደወል «በጸጋ ነው እንጂ በሥራ አይደለም» ሲሉ ስትሰማ ኖራለች፤ ለነፍሷ ሲሆን ደስ ይላታል። ለቦታዋ ሲሆን ግን፣ ያ ሁሉ ዓመት በብርድ በዝናብ መመላለሷ ወዴት ሊገባ ነው?

ማታ አናጺው ባሏ ማንኪያውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። «ዛሬም ስለዚያች ልጅ ነው?»

«ድምፅዋ ስስ ክር ነው።»

«ልብስ የሚያያይዘው ስስ ክር ነው፤ በገመድ የሚሰፋ አላየሁም።»

«አንተ ዝም ብለህ ብላ።» ሳህኑ ላይ እየጨመረችለት፣ «ሁሉን አስተምሬያታለሁ፤ አንዲት ነገር ብቻ ራሷ ደርሳባት ትወቅ ብዬ ተውኩ» አለች።

ባሏ «ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው፤ የሚገባበት አይታወቅም» ብሎ ወደ ምግቡ ተመለሰ።

እውነትም መቼ እንደሚቆም፣ ኑዛዜው በኅብረት እንዴት እንደሚባል፣ ለቁርባን እንዴት በረድፍ እንደሚንበረከኩ፣ ሁሉን አስተምራታለች። ስለ ሃሌሉያው ዝምታ ግን ትንፍሽ አላለችም።

የሕማማት ወራት የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። መሠዊያው ሐምራዊ ጨርቅ ለብሷል። ወንጌሉ ተነብቦ አበቃ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ደወል ዓይኗን ከሰፊዋ አፍ ላይ አልነቀለችም። አሁን ትወድቃለች፣ አሁን። የልጅቷ አፍ ቀስ እያለ ተከፈተ።

«ሃሌሉያ...»

ወፍራም፣ ሙሉ፣ ጣሪያ የሚያናውጥ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ድምፁ የራሷ የደወል ነበር። የሌላውን አፍ ስትጠብቅ፣ የስንት ዓመት ልማድ የእሷን አፍ ከፈተው። አግዳሚው በታፈነ ሳቅ ተንቋቋ። መመለስ አልቻለች፣ መጨረስ አልቻለች፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ያኔ ያ ቀጭን ድምፅ ከሥር ገብቶ ያዛት። ሰፊዋ ፊቷ ሳይለወጥ፣ ሥርዓቱ እንደዚያ የሆነ ይመስል፣ ሃሌሉያውን ከእሷ ጋር እስከ መጨረሻው ዘመረችው። ቄሱ መጽሐፋቸው ላይ አጎንብሰው ቆዩና፣ «እንጸልይ» አሉ።

ከቁርባን በፊት ሰላም መሰጣጣት አለ። ሰፊዋ እጇን ዘረጋች። «የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን፣ እትዬ።»

ደወል እጇን ያዘችና በሹክሹክታ፣ «በዚህ ወቅት እንደማይዘመር አታውቂም?» አለቻት።

«አውቃለሁ። ሐምራዊውን ጨርቅ የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ ቄሱ ሲሰጡኝ ነገሩኝ።»

«አፍሽን ከፍተሽ ነበር እኮ።»

«ማዛጋት መጥቶብኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዘመርሽ?»

«ብቻዎን እንዳይቆሙ ብዬ።»

ደወል እጇን አልለቀቀችም። «ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። እንድትወድቂ ነበር የምጠብቀው።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለች ሰፊዋ፤ ፈገግም አለች።

ደወል ይህንንም ቀናችባት። ድምፁ አንሶ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰፊ ሆድ ይሰጣት? ጎን ለጎን ተንበርክከው ከአንድ ጽዋ ሲጠጡም ቅናቱ ደረቷ ውስጥ እንደ ጋለ ካውያ ነበር።

ሕዝቡ ሲወጣ ግን ወደ ቄሱ ሄደች።

«የትንሣኤውን እሷ ታንሣው» አለች።

«ከልብሽ ነው?»

«ልቤንስ ተዉት፣ እሱ ገና ነው። ግን እኔ የዘንድሮ ድርሻዬን ዛሬ ዘምሬ ጨርሻለሁ።»