ውሃ ውስጥ የቀረው በር

ውሃው ጉልበቷን ሲያልፍ ወርቂቱ ቆመች። ረጅም ዱላዋን ወደ ፊት ሰንዝራ መሬቱን ነካች። ጠንካራ ነው። አንድ እርምጃ ጨመረች።

ከኋላዋ፣ ከደረቁ ጉብታ ላይ፣ ዘበኛው ሽበሺ መንገዱን ይነግራታል። "ቀኙን ያዢ። ግራሽ ቦይ ነው፤ ከገባሽበት እኔ አላወጣሽም፣ ዋና አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አለችው ሳትዞር።

ሚያዝያ 23 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ የወዛደሮች ቀን ነበር። የአርባ ምንጭ ሕዝብ ጠዋት ሰልፍ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ፤ መኪና ያገኘ ወደ ጫሞ ዳር ወረደ። ሐይቁ ግን የለመዱት ሐይቅ አልነበረም። የሁለት ዓመት ዝናብ ሞልቶት ጀልባ የሚታሰርበትን ድንጋይ ውጧል፤ ግራሮቹ እስከ ቅርንጫፋቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ለመዝናኛ የተከለለው፣ ጉማሬ እንዳይገባ በሽቦ መረብ የታጠረው የሣር መስክ እንኳ ወገብ የሚደርስ ውሃ ተኝቶበታል። ወርቂቱ የምትሄደው በዚያ መስክ ውስጥ ነው። በሐይቁ በኩል ያለው የአጥሩ በር ክፍት ቀርቷል። ልትዘጋው ነው።

የመጣችው ልትጠመቅ ነበር።

ዕድሜዋ አምሳ ሁለት ነው። ገረሴ ተወልዳ፣ ላንቴ መንደር ተድራ፣ ባሏ በወባ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆች በሙዝ ንግድ አሳድጋለች። እሑድ እሑድ ለሐይቁ እንግዶች ስለምትሸጥ ከሽበሺ ጋር ዘጠኝ ዓመት ይተዋወቃሉ። የጥምቀት ትምህርቷን ከጨረሰች ሦስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ የተቀጠረላት እሑድ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው የወንጌላውያኑን ጸሎት ቤት መንግሥት አሸገው። ሁለተኛው በወንዝ ሊሆን ነበር፤ አብዮት ጠባቂዎች ገላቸውን ሊታጠቡ ወረዱና ሁሉም ልብስ አጣቢ መስሎ ተመለሰ። የዛሬው ሦስተኛው ነው። ከዛሬ በኋላ አጥማቂ የለም። ከጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ሳይታሰር የቀረው አናጺው ዳልጮ ብቻ ነው፤ እሱም ሰኞ ጠዋት ቀበሌ እንዲቀርብ ወረቀት ደርሶታል።

ስለዚህ ስምንት ሆነው፣ እንደማንኛውም ሽርሽር የወጣ ሰው፣ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ኩርኩፋና የተጠበሰ ዓሣ ይዘው መጡ። ዳልጮ ውሃውን ሲያይ አይሆንም አለ። ሃያ ዓመት ያጠመቀበት የጠጠር ዳርቻ ሁለት ሰው ቁመት በሚሆን ውሃ ሥር ሰጥሟል፤ በግራሮቹ መሃል አዞ አለ። ሰው ወስጄ ለአዞ አላቀርብም፣ እስኪጎድል እንጠብቅ አለ። ሌሎቹ ተስማሙ። ሚስቱ ሻሺቱ ምግቡን ከዘንቢል ማውጣት ጀመረች።

ወርቂቱ አጥሩን ታይ ነበር። የሽቦው ጫፍ ከውሃው ክንድ ያህል ወጥቶ ይታያል። ዙሪያው አልተበጠሰም፤ ክፍቱ በሩ ብቻ ነው። የበሩ ሰንሰለትና ቁልፍ ሽበሺ ጋ ነው።

ዳልጮ ለዘበኛው ስለ ጥምቀቱ እንዳትነግሪው አላት። ሄዳ ነገረችው።

ሽበሺ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፣ የጎንደር ሰው።

"ለእኔ መንገር አልነበረብሽም፣ ወርቄ። አሁን አወቅሁ። ያወቀ ሰው ይጠየቃል።"

"ባልነግርህ ሰንሰለቱን ትሰጠኛለህ?"

ወርቂቱ በአማርኛ አንተንና እርስዎን አትለይም፤ ሽበሺም በዚህ መቆጣት ከተወ ቆይቷል።

"ደግሞስ በዚህ ዕድሜሽ? እኔ በአርባ ቀኔ ነው የጨረስኩት።"

"አንተን ማን ጠየቀህ? እኔን ጠይቀውኛል።"

ሳቁ መጣበት። ወዲያው ግን ትእዛዙን ነገራት፤ ከመጋቢት ጀምሮ ማንም ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል፣ አንድ ሰው በአዞ ቢበላ የሚባረረው እሱ ነው። ወርቂቱ ይሄ ሐይቅ አይደለም፣ ሣርህ ነው አለችው። አምና የሙዝ ልጣጭ ያስለቀምከኝ እዚሁ ላይ ነው ብላ ጨመረች።

ሽበሺ መስኩን አየ። ከቆሙት መኪኖች የሰልፉ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ይሰማል።

"በሩን የምዘጋው ግን እኔ አይደለሁም" ብሎ ሰንሰለቱንና ቁልፉን ሰጣት።

በሩ ጋ ስትደርስ ውሃው ደረቷ ላይ ነበር። በሩን ደለል ይዞታል፤ አልነቃነቅ አለ። ዱላዋን ከሥሩ አስገብታ ፈነቀለች። ከአጥሩ ውጭ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ግንድ የመሰለ ነገር ከግራሮቹ ተለይቶ ወጣ። ሽበሺ ጠመንጃውን አነሳና ተመለሺ አላት። አልተመለሰችም። በትከሻዋ ገፋች፤ በሩ ክንድ ያህል ሄደ፣ ደግማ ገፋች፣ ገጠመ። ሰንሰለቱን ሁለት ጊዜ አዙራ ቆለፈች። ግንድ የመሰለው ነገር ውሃ ውስጥ ገባ።

ዳልጮ ጉብታው ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ጫማውን አወለቀ። ከሁለት ወንዶች ጋር ውሃውን በዱላ እየመቱ መስኩን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሱበት። ምንም አልወጣም።

መዝሙር አልተዘመረም። ዳልጮ የሚጠየቀውን በጋሞኛ ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፤ እሷም መለሰች። ሲያጠልቃት ጭቃው አንሸራተተውና ሁለቱም ሰመጡ። ከመኪኖቹ በኩል አንድ ሰው "አዞ በላቸው!" ብሎ ጮኸ፤ ብዙዎች ሳቁ። ዳልጮ እያሳለ ተነሳ። እሱ ራሱ ውሃ ውስጥ ስለነበረ ራሷ ሙሉ በሙሉ መግባቱን እንዳላየ ነገራት።

"እንግዲያው ድገመው" አለች።

ደገመው።

ዳልጮ ሰኞ ጠዋት ቀረበና በዚያው ታሰረ። እስኪፈታ ድረስ በነበሩት አሥራ አራት ወራት ላንቴ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች የጥምቀት ትምህርት ጨረሱ። ያስተማረቻቸው ወርቂቱ ናት።