ሦስቱ ሞክሼ ከተሞችና ቲኬት ቆራጩ

ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት መናኸሪያ ውስጥ ቲኬት ቆርጧል። ከአፉ የማይጠፋው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «የትኛው? ላይኛው፣ ታችኛው ወይስ አዲሱ?» ሦስት ከተሞች በአንድ ስም ይጠራሉና።

ስሙ የአንድ ጥንታዊ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው ይባላል። ውሃ ያወጣበት ቦታ በእሱ ተጠራ። የልጅ ልጆቹ ድርቅ ሲያፈናቅላቸው ታች ወርደው ሰፈሩና መንደራቸውን በዚያው ስም ጠሩት። ጎርፍ ከዚያም ሲያባርራቸው ሦስተኛ ቦታ ተከሉት። ቤት ተሸክመውት አይሄዱም፤ ስም ግን አይከብድም። አገሩ የናፈቀውም ስሙን ለልጁ አወጣው። ጎረቤቴም ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነው። «ከቆፋሪው የወረስኩት የወገቡን ሕመም ብቻ ነው» ይል ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ ሰልፉ በር ድረስ ተጥመልምሎ፣ አንዲት አሮጊት መስኮቱ ጋ ቀረቡ። ልጃቸው ሆስፒታል ተኝቶ እያጣጣረ ነው። የከተማውን ስም ብቻ ተናገሩ።

«አባቴ፣ ቶሎ በል እንጂ! እዚሁ ጡረታ ልንወጣ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ጎረቤቴ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቅ ለላይኛው ቆረጠላቸው። አብዛኛው መንገደኛ ወደዚያ ነው የሚሄደው።

አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ የእህታቸው ልጅ እያለከለከች መጣች። «አክስቴ ወደ ታችኛው በሚሄደው አውቶቡስ ላይ የሉም!»

መስኮቱን ዘጋና በመጨረሻው አውቶቡስ ተከተላቸው። ሊመሽ ሲል በላይኛው ሆስፒታል አንድ የማያውቁት በሽተኛ አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። ሰውዬው የልጃቸው ሞክሼ ስለነበር፣ ነርሷ መዝገቡን አይታ ወደ እሱ ወስዳቸዋለች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ልጄ እንዳልሆነስ ከበሩ አውቄያለሁ። ግን ‹እማዬ› ብሎ እጄን ያዘኝ። ማን ጨክኖ ያስለቅቀዋል?»

ጎረቤቴ ወደ ታችኛው እንዲያደርሷቸው ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ለመነ። በጨለማ ያንን ቁልቁለት የሚደፍር አልተገኘም።

«ለኔም ልጅ አንዷ እናት ተሳስታ ደርሳለት ይሆናል» አሉ አሮጊቷ።

በማግስቱ ታችኛው ሆስፒታል ሲደርሱ የልጃቸው አልጋ በንጹሕ አንሶላ ተነጥፏል። ልጁ ጎህ ሲቀድ አርፏል። ጎረቤቴ የክፍሉን ነርስ ለብቻዋ ጠጋ ብሎ አጠገቡ ሰው እንደነበረ ጠየቃት። ራሷን ነቀነቀች። ማንም አልነበረም።

«ምን አለችህ?» አሉ አሮጊቷ።

«አንዲት ሴት እጁን ይዛው ነበር አለችኝ።»

«የማን እናት ነች?»

አሮጊቷ መልስ ሳይጠብቁ ለውለታዋ ሊያመሰግኗት፣ ሴትየዋን ፍለጋ ኮሪደሩን ተያያዙት።