ላፕቶፗ እስክትነሳ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መሃል በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ክስና ማመልከቻ የሚጽፉ አንዲት ሴት አሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም መታወቂያቸው ላይ ብቻ ቀርቷል። ሰፈሩ የሚያውቃቸው «እትዬ ቆዩ» ብሎ ነው። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤታቸው ባለፎቶ ኮፒው ሲሆን፣ ያወጣበትም ምክንያት ማንም የሚያውቀው ነበር። ደንበኛ ገብቶ አግዳሚው ላይ በተቀመጠ ቁጥር ላፕቶፓቸውን ይከፍቱና «ቆዩ፣ እየተነሳች ነው» ይላሉ።

ላፕቶፗ ግን መነሳት የሚባለውን ነገር በቀላሉ አታየውም። ክዳኗ በፕላስተር የተያያዘ፣ ማራገቢያዋ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ዕድሜዋ ከባለፎቶ ኮፒው ትዳር የሚበልጥ አሮጊት ናት። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል በጨለማ ታፈጣለች። ቀጥሎ ያቺ ትንሽ ክብ ትመጣና መዞር ትጀምራለች። ዕድል ከጠመመ ደግሞ «አፕዴት እያደረግሁ ነው፣ እንዳታጠፉኝ» ብላ ታስጠነቅቃለች። ይህን የምትለው ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ሲሆን፣ ሰኞ ደግሞ የከሳሽ ቀን ነው። ሰው ቅዳሜና እሁድን ከዘመዶቹ ጋር ይውላላ! ቁልፏ ተነክቶ የመጀመሪያው ፊደል እስኪጻፍ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ፣ እትዬ ቆዩ ዛሬ ደህና አደረች ይላሉ።

ጣጣው የመጣው ከምሳ ገበታ ነው። ነርስ የሆነችው አንድያ ልጃቸው አንድ እሁድ ቤቷ ጠርታቸው፣ ሳህናቸውን እየሞላች የቆየ ዘፈኗን አነሳች።

«እማዬ፣ ስድሳ ሁለት ዓመት ሞላሽ እኮ። ምን ቀረሽ? ነይና ከእኛ ጋር ኑሪ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ ፀሐይ ይገባበታል።»

እትዬ ቆዩ ክፍሉን አይተውታል። መስኮቱ ሥር ያለውን ባለመደገፊያ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የተጣጠፈውን ብርድ ልብስም አይተዋል። ጉልበታቸውን በብርድ ልብሱ ተሸፍነው ሲቀመጡና የልጅ ልጆቻቸው በበሩ ሲያልፉ «አያታችሁን አትረብሹ» ሲባሉ ታያቸው። ሞትን ያን ያህል አይፈሩም፤ አትረብሿቸው መባልን ግን አምርረው ይፈራሉ። ስለዚህ ከአፋቸው አመለጣቸው።

«ላፕቶፔ የሞተች ዕለት ሥራ አቆማለሁ። እስከዚያ ግን አፍሽን ያዢ።»

«ሰማህ?» አለች ልጃቸው ወደ ባሏ ዞራ። «ምስክር ነህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ የላፕቶፗን ጤና የምትጠይቀው ሀብታም አጎቱ እንደታመመበት ወራሽ ነው። «እንዴት ናት? ዛሬም ቆመች? ማራገቢያዋስ?» ትላለች። እናትየውም «እጅግ ደህና ናት» ይላሉ፤ ይዋሻሉ። ክስ ጽፎ ለሚኖር ሰው ትንሽ ውሸት አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ ሰኞ ላፕቶፗ ሁለት ሰዓት ሙሉ ክቧን ስታዞር ቆየችና ደርቃ ቀረች። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ። እትዬ ቆዩ የፀሐይዋ ክፍል በር ገርበብ ሲል የሰሙ መሰላቸው። ወዲያው ለልጃቸው ባል ደወሉ። ሰውየው በሆስፒታሉ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ የታመመ ማሽን ካየ አንጀቱ አይችልም። በምሳ ሰዓት ግራ ቀኙን እያየ መጣ።

«ሚስቴ ካወቀች እኮ እማዬ፣ ያ ክፍል ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ» አለ።

«ግባና ሥራ፤ ኋላ አብረን እንገባለን።»

ከፈታት፣ አቧራዋን እፍ አለባት፣ አገላብጦ አያት። «ዕቃዋስ ደህና ነው። የገደላት የተጫነባት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ሁለት ጊጋ ሜሞሪ ይዛ የስምንት ጊጋ ጭነት ተሸከሚ ተብላ!»

እትዬ ቆዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይመታል፤ እሳቸው ደግሞ ዳውላውን ትተው አህያዋን ሲረግሙ ኖረዋል።

ሰውየው ሦስት ፍላሾች ከኪሱ አወጣ። ሦስቱም ሊኑክስ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፣ ሦስቱም ቀላል ናቸው ይባላል፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው አለ። መጫን ሳያስፈልግ ከፍላሹ ላይ እያስነሱ መሞከር ይቻላል፣ ልክ እንደ ጫማ። እትዬ ቆዩ የሰው ምስክርነት በቀላሉ የሚያምኑ አይደሉምና ፈተናውን ራሳቸው አወጡ። እያንዳንዷ ትነሳለች፣ ባለሁለት ገጹን የመኪና አደጋ ክስ ትከፍታለች፣ አንድ አንቀጽ ትጽፋለች፣ ታትማለች።

የመጀመሪያዋ ቆንጆ ነበረች። ሰማያዊ ሐይቅ አሳየች፣ መስኮቶቿ እየተንሳፈፉ መጡ፣ የመጻፊያውን ፕሮግራም ክፈቺ ስትባል ግን ወገቧን ይዛ ቆመች። «የምትፈልገው ባል ነው እንጂ ሥራ አይደለም» አሉና ነቀሏት። ሁለተኛዋ መነጽራቸውን እስኪያደርጉ እንኳ ሳትጠብቅ ተነሳች። ደስ ብሏቸው ክሱን ቢከፍቱት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደረደረ።

«ከሳሽ ሳጥን፣ ተከሳሽ ሳጥን» አሉ። «ዳኛ ፊት ካርቶን ይዤ ልቅረብ?»

«ፊደሉን እጭንላታለሁ።»

«ማንበብ የማትችል ጸሐፊ አልቀጥርም።»

ሦስተኛዋ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተነሳች። ፊደሉ ደህና ነው፣ አታሚውም በሁለተኛው ሙከራ እሺ አለ። እትዬ ቆዩ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። «ይህቺ ትሁን። አታምርም፣ አታስጠላም፣ ሥራዋን ታውቃለች። ለልጄም ስፈልግላት የነበረው እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር።» የልጃቸው ባል ይህ ምርቃት ይሁን ስድብ ሳይገባው፣ አንገቱን ደፍቶ የቆዩ ፋይሎቻቸውን መገልበጥ ጀመረ። «አጥር የገፋው»፣ «ባሏ የጠፋባት»፣ «ባሏ የተመለሰባት»፣ ሁሉም በየስማቸው ተሻገሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ስካር ነበር። ደንበኛ ይገባል፣ ላፕቶፗ ብድግ ትላለች፣ ክሱ ይጻፋል፣ ቀጣይ! እትዬ ቆዩ ድሮ በሳምንት የሚጽፉትን በሁለት ቀን ይጨርሱ ጀመር። ባለፎቶ ኮፒው በበሩ ብቅ ብሎ «አሁንማ እትዬ ፈጠን ልንልዎ ነው» አላቸው። እሳቸውም የፀሐይዋን ክፍል እያሰቡ፣ እስከ ሰማንያ ዓመቴ ማንም ንክች አያደርገኝም ብለው በልባቸው ፎከሩ።

በዚያ ሰሞን ነው ዳቦ ጋጋሪዋ የመጣችው። ክንዷ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ ገና ሳትቀመጥ «ወንድሜን ክሰሱልኝ!» አለች። አባታቸው ለሁለት ትቶላቸው የሞተውን ቤት ወንድሟ ቁልፉን ቀይሮ፣ ዕቃውን አውጥቶ ዘግቶባታል። ሌባ ነው፣ ከድሮም ሌባ ነበር፣ የአባቱን ሬሳ ሳይቀር የሚሸጥ ነው። የእትዬ ቆዩ ጣት ከሴትዮዋ አፍ እኩል ሮጠ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ገጽ እሳት ተጽፎ፣ ታትሞ፣ መንገዱን ተሻግሮ መዝገብ ቤት ገባ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። አሁን አልጮኸችም። መጥሪያው ለወንድሟ የደረሰው በሥራ ቦታው፣ ባልደረቦቹ ፊት ነው። ያን ሁሉ ስድብም አንብቦታል። ቁልፉን የቀየረው በሩ ተሰብሮ ስላገኘው፣ ዕቃውን ያወጣው ጣሪያው እያፈሰሰ ስለሆነ ነበር። የእሷን ቁልፍ በፖስታ አድርጎ፣ ስሟን ጽፎበት፣ ኩርፊያዋ እስኪበርድ ሲጠብቅ ነበር።

«እትዬ» አለች፣ «እናቴ ድሮ ከጎረቤት ተጣልታ እርስዎ ጋ መጥታ ነበር። ላፕቶፗ እስክትነሳ ንዴቴ በረደ ብላ ሳትከስ ነው የተመለሰችው። እኔን ለምን አላስቆዩኝም?»

እትዬ ቆዩ ወደ ላፕቶፗ ዞር አሉ። ላፕቶፔ ስለዳነች ነው አይባል! በዚያች አርባ ደቂቃ ስንቱ ሲሳደብ ጀምሮ አልቅሶ እንደጨረሰ፣ ስንቱ «ተዉት በቃ፣ ወንድሜ ነው» ብሎ እንደተነሳ ትዝ አላቸው። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ሰው ላፕቶፗ ያባረረችባቸው ደንበኛ አድርገው ሲቆጥሩት ነበር። አፈሩ። የክስ መተዊያ ጻፉላት፣ ከሥሩም ለወንድሟ አጭር ደብዳቤ። ወንድሟ ይቅር ይበላት አይበላት እስከ ዛሬ አልሰሙም።

ታዲያ ወደ ድሮው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይመለሱ? እብድ አይደሉም። አዲሷ ሲስተም ስትመጣ ይዛው የመጣችው የካርታ ጨዋታ ነበራት። በማግስቱ ደንበኛ ሲገባ ላፕቶፗን ከፈቱ፣ ስክሪኗን ወደ ራሳቸው አዞሩ፣ «ቆዩ፣ እየተነሳች ነው» አሉ። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ አንዳንዴ «ወይ እሷ!» እያሉ፣ ቀዩን ዘጠኝ በጥቁሩ አሥር ላይ ይደረድራሉ። ጆሯቸው ግን ደንበኛው ጋ ነው። ሰውየው ከስድቡ ወርዶ ነገሩ ላይ ሲደርስ ካርታውን ይዘጉና «ተነሳች» ይላሉ።

ሰው ምሥጢር የሚያወጣው በጠላቱ ፊት አይደለም፣ በእራቱ ፊት ነው። የልጃቸው ባል ስለ ሆስፒታሉ ቀርፋፋ ኮምፒውተሮች ሲያማርር «የእማዬን እንኳ በግማሽ ደቂቃ…» ብሎ ጉርሻው አንቆት ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ የደንበኛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ክስ ላጽፍ ነው የመጣሁት።»

«ማንን ልትከሺ?»

«አንቺን።»

እትዬ ቆዩ ላፕቶፗን ከፈቱ፣ ስክሪኗን ወደ ራሳቸው አዞሩ። «ቆዪ፣ እየተነሳች ነው።»

ልጅቷ ተንጣጣች። ቃል አጥፈሻል። ባሌን አባብለሽ ዋሾ አድርገሽዋል። ለልጆቼ አያታችሁ ልትመጣ ነው ብዬ ነግሬያቸው ክፍሉን ቀለም ቀብቻለሁ። እትዬ ቆዩ ንግሥቲቱን ንጉሡ ላይ አስቀመጡ። የልጅቷ ድምፅ እየወረደ ሄደ። የላፕቶፗ ማራገቢያ ብቻ ያጓራል።

«ባለፈው ወር አንድ ማታ ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ክፍል የሚመጡትን ታውቂያለሽ? ብቻቸውን ወድቀው በሦስተኛው ቀን የሚገኙትን ነው የማነሳው። በነጠላ ጫማ ነው ሮጬ ቤትሽ የመጣሁት። በመስኮት ሳይሽ ሽንኩርት እየከተፍሽ ነው። ስልኩ አጠገብሽ ነበር። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።»

እትዬ ቆዩ እጃቸው ቆመ። አዎ፣ አላነሱም ነበር። መቼ ታቆሚያለሽ የሚለው ጥያቄ ሰልችቷቸው ነው። ልጃቸው ከመስኮቱ ማዶ በነጠላ ጫማ ቆማ ይሆናል ብለው ግን አንድ ቀን አላሰቡም። ካርታውን ዘጉ።

«ተነሳች» አሉ ቀስ ብለው፣ መጻፍም ጀመሩ። «ከሳሽ፦ ልጅ። ተከሳሽ፦ እናት። የተከሳሽ ጥፋት… ነግረሽኛል። አሁን ዳኝነቱን ንገሪኝ። ምን እንዲወሰንልሽ ነው የምትጠይቂው?»

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ስደውልልሽ አንሺ» አለች። «ሌላ ምንም አልፈልግም። አንሺና ስደቢኝ እንኳ።»

እትዬ ቆዩ ጻፉት። ከሥሩ «ተከሳሽ ክሱን ሙሉ በሙሉ አምናለች» የሚል ጨምረው አተሙት፣ ፈረሙበት፣ ሰጧት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ቀና አለች።

«ሥራውስ?»

«እሱ ክሱ ላይ የለም። ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም።»

ልጅቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፣ እንባዋም አብሮት ወረደ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሳች።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ደንበኛ አለኝ።»

«እማዬ!»

«አነሳለሁ አልኩሽ እኮ» አሉ እትዬ ቆዩ። «ደንበኛው ይቆያል።»