ናኖ መጣ ያልኩ ቀን

ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ሞባይል እጠግናለሁ። ቤቷ ጠባብ ናት፤ እኔ ከነሆዴ ስገባ ደንበኛ ውጭ ይቆማል። ማጉያ መነጽር ግንባሬ ላይ ስለማስር የቴክኖሎጂ ነገር ሁሉ የሚጠየቀው እኔን ነው። እኔ ደግሞ "አላውቅም" ማለት አልፈጠረብኝም።

ግድግዳ የምጋራው ባለሱቅ ጓደኛዬ ነው። በልጅነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ እዚሁ ጎለመሰ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪም ዓይኑን አይታ ግላኮማ ነው አለችው። በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን እየገደለው ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማዳን ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረግ ብላ ለማክሰኞ ቀጠረችው። ዓይን ውስጥ ቢላ ሊገባ ነው ሲባል ሰውየው ምግብ ዘጋው።

እኔም በዚያው ሳምንት ስለ ናኖቴክኖሎጂ ቪዲዮ አይቼ ነበር። አንድ ቪዲዮ። እሱንም ኔትወርክ ሄዶብኝ እስከ ግማሽ።

"ስማ" አልኩት ባንኮኒው ላይ ተደግፌ፣ "የፀጉርህን ውፍረት አስር ሺህ ቦታ ብትሸነሽነው፣ ከዚያም የሚያንስ ማሽን አለ። ደም ስርህ ውስጥ ይገባና እየዞረ የተበላሸውን ይጠግናል። ልክ እንደኔ!"

"እንዳንተ ከሆነስ ይቅርብኝ። ሬዲዮዬ ካንተ ጋር ስንት ወሯ ነው?"

"እቃም ይሰራል። አንድ ግንበኛ ድንጋይ እንደሚደረድር አቶም በአቶም እየደረደረ። ከአፈር ስኳር ያወጣል።"

"ያ ረቢ! እና ሱቄን ልዝጋ?"

"ሱቅህን አላውቅም፤ ቢላው ግን ቀርቷል። ናኖ መጣ!"

ሳቀ። ከስንት ቀን በኋላ ሲስቅ አየሁት፣ እኔም ሥራዬን እንደጨረሰ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ሱቁን ከፍቶ ሳሙና ይደረድራል።

"ቀጠሮህ ዛሬ አይደለም እንዴ?"

"ተውኩት። አንተው መጣ አልከኝ አይደል? ትንሽ ልጠብቅ።"

እዚህ ላይ እ... ማለቴ፣ ቀልድ መስሎኝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልመሰለኝም። እንዳመነኝ ገብቶኛል። እኛ እኮ ከቤት ስንወጣ "መጣሁ" ብለን ነው የምንሄደው፤ እንጦጦ ላይ ያለ ሰው በስልክ "ደርሻለሁ" ይላል። የኔም "መጣ" እንደዚያ ያለ መጣ ነበር። ይሄንን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ግን ደስ አለኝ። በሕይወቴ አንድ ሰው ምክሬን ሰምቶ አንድ ነገር ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በግድግዳው ይጣራል።

"ናኖው ምን ይላል?"

"ጉምሩክ ይዞታል!"

እንስቃለን። እሱ ግን ከሳቀ በኋላ ትንሽ ዝም ይላል። ያቺን ዝምታ እሰማት ነበር፤ እየሰማሁ ብየዳዬን እቀጥላለሁ።

ስምንት ወር ሄደ። አንድ ቀን በቀኙ ቆማ ዳቦ የምትጠይቀውን ሴትዮ ሳያያት ዞሮ ገጫት፤ የያዘው እንቁላል እግሯ ላይ ረገፈ። ሚስቱ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰደችው። የቀኙ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ ግራው ባስቸኳይ መሰራት አለበት ተባለ።

ማታውኑ ልጠይቃቸው ገባሁ። ሚስቱ እያለቀሰች፣ "ቆይ ማነው ጠብቅ ያለህ?" ትለዋለች።

"ማንም። ፈርቼ ነው" አላት፣ ወደኔ ሳይዞር።

እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ነኝ። ሻይ ሰጠችኝ። ጠጣሁት።

በሦስተኛው ቀን ሱቅ ሄጄ ለሚስቱ ነገርኳት። አንድም ሳልደብቅ፣ ማክሰኞውን ጭምር። አልጮኸችም። የያዘችውን ሚዛን አስቀመጠችና፣

"አንተ እኮ የምታውቅ መስሎን ነው" አለች።

"የሰፈር ቀላጅ" ብትለኝ ይሻል ነበር።

የናኖን ነገር ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ባጭሩ፣ መድኃኒትን በዚያ መጠን አሳንሶ መስራት ተጀምሯል፤ እየዞረ ዓይን የሚጠግነው ማሽን ግን ገና ሐሳብ ነው። አንድ ቀን ይሆናል ብዬ አሁንም አምናለሁ። ለልጅ ልጆቻችን ይሆናል። ለጓደኛዬ ቀኝ ዓይን ግን የነበረው ያ ማክሰኞ ነው፣ ያንን ደግሞ እኔ ነኝ ያስቀረሁት።

ግራው ተሰራ፤ ደህና ነው አሉ። ሚስቱ ሱቁን ስለያዘች የቀኑን የዓይን ጠብታ እኔ ላድርግለት ብዬ ለመንኳት። ትንሽ አየችኝና ብልቃጡን ሰጠችኝ።

ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተንጋለለ። እነዚህ እጆች ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይበይዳሉ፤ ያን ቀን ግን አንዲት ጠብታ ማነጣጠር አቃታቸው።

"ያቺ ማክሰኞ..." አልኩት፣ "ገብቶኝ ነበር። እንዳመንከኝ አውቄ ነው ዝም ያልኩት።"

የጠብታውን ካርቶን በጣቱ ይነካካል።

"ጨረስክ?"

"አልጨረስኩም። ስቼ ጉንጭህ ላይ ፈሰሰ።"

"በቃ ድገመው፣ አትንቀጥቀጥ" አለኝ።

ደገምኩት።