ወፍ የማይነካው ዘንጋዳ

ሞጆ ካለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ጡረታ ስወጣ፣ ከእንግዲህ የምሸከመው ነገር የለም ብዬ ነበር። ሠላሳ ዓመት እርጥብ ቆዳ ከገንዳ ገንዳ ሳገላብጥ ወገቤ አልቋል። ባለቤቴ ግን አዳማ ግቢያችን ውስጥ አርባ ዶሮ ታረባለች። ጫጩት ሆነው በካርቶን መጥተው፣ አምፖል ሥር አሙቃ ያሳደገቻቸው ናቸው። እኔ ሳስል የማትሰማ ሴት፣ እነሱ ሲያስነጥሱ ትሰማለች እያልኩ አሾፍባታለሁ።

ባለፈው ዓመት ልጃችን ኩየራ ከተማ በኦፕራሲዮን ወለደች። እናቷ ልታርሳት ስትሄድ በር ላይ ቆም ብላ፣ "ቤቱ እንደፈለገ ይሁን፤ ዶሮዎቼን ግን አደራ" አለችኝ። አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል፤ እሺ አልኳት።

ወር ሳይሞላ መኖ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ በቆሎውም ዋጋው አልቀመስ አለ። ወደ ቆቃ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጠቆር ያለ ቀይ ዘንጋዳ ይሸጣሉ። "አካም ጅርቱ" ብያቸው እፍኝ ዘገንኩ።

"ይሄ ማሽላ ጠባቂ አይፈልግም" አሉኝ። "ግሪሳ እንኳ ወርዶ አይነካውም። ጠላ ጠማቂዎች ናቸው የሚወስዱት።"

ወፍ ያልቀመሰው ንጹህ እህል አገኘሁ ብዬ ሁለት ጆንያ በባጃጅ ጭኜ ገባሁ። ዶሮም ወፍ መሆኗን የረሳሁት እዚያ ላይ ነው። ሽማግሌውን አልወቅስም፤ ለማን እንደምገዛ አልነገርኳቸውም።

ዶሮዎቹ መጀመሪያ በእግራቸው በተኑት። ሲርባቸው በሉት። ቀስ እያሉ ይለምዱታል እያልኩ ያንኑ መስጠቴን ቀጠልኩ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የእንቁላሉ መጠን አነሰ፣ ከዚያም ቁጥሩ ቀነሰ። ላባቸው ተንጨባረረ። ሦስቱ ሞቱና ጓሮ ቀበርኳቸው።

ባለቤቴ በየቀኑ ትደውላለች። "ዶሮዎቼስ?" ትላለች። "ደህና ናቸው" እላለሁ። የልጃችን ቁስል ገና አልደረቀም፤ እውነቱን ብናገር ጥላት ትመጣለች ብዬ ፈራሁ። ለዶሮዎቹ ውሃ ከማመላልስበት ባልዲ ይልቅ ውሸቱ አደከመኝ።

በመጨረሻ የቀበሌያችንን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለምኜ አመጣኋት። ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ዶሮዎቹን አየት አየት አድርጋ ወደ ጆንያው ሄደች።

"አባባ፣ ይሄን ቀምሰውታል?"

የዶሮ መኖ የምቀምሰው ምን ቆርጦኝ ነው ልል ነበር። አንዷን ፍሬ ነከስኩ። ምላሴ ደረቀ፤ አፌ ጭምድድ አለ። ጣዕሙን አወቅኩት። ፋብሪካው ውስጥ ከገንዳው ተረጭቶ ከንፈሬ ላይ ሲያርፍ የኖረው ያው ነው።

"ታኒን ይባላል" አለች። "ሆዳቸው ውስጥ ፕሮቲኑን አስሮ ይይዘዋል። ይበላሉ እንጂ አይጠቀሙበትም።"

ታኒንን ለእኔ ትነግረኛለች። ዱቄቱን ከነጆንያው ስሸከም የኖርኩት እኔ ነኝ። ቆዳ እናለፋበት ነበር፤ አሁን ደግሞ የባለቤቴን ዶሮዎች ከውስጥ እያለፋሁ ነው። አፈርኩ። ማፈርም ጉልበት ይጠይቃል ለካ።

በአመድ ውሃ ዘፍዝፌ፣ ደጋግሜ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ከበቆሎና ከኑግ ፋጉሎ ጋር ጥቂት ብቻ እንድቀላቅል ነገረችኝ። መንከር ሰልችቶኝ ጡረታ የወጣሁ ሰውዬ እንደገና ነካሪ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ወገቤን ይዤ ባልዲ እገለብጣለሁ። ዶሮዎቹ ትንሽ ነቃ አሉ፤ የሞቱት ግን ሞተዋል።

ባለቤቴ በሁለተኛው ወር ተመለሰች። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ፣ አንዷን ዶሮ አንስታ ደረቷን ዳበሰች። እጇ ላይ የመጣላት አጥንት ነው። ከዚያ ቆጠረቻቸው።

"ሦስቱስ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ቁጣዋን ቆሜ ጠበቅኩ፤ ፊቷ ላይ ያለው ግን የመንገዱ ድካም ብቻ ነበር።

"ለምን በስልክ አልነገርከኝም?"

"ልጅቷን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው።"

ዶሮዋን ቀስ ብላ አወረደች። ከጆንያው ጥቂት ፍሬ አንስታ አኘከችና ተፋችው።

"መምጣት ምን ያስፈልገኝ ነበር" አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። "እዚያው ሆኜ፣ ቅመሰው እልህ ነበር።"